ጀሪካኑ ላይ “ኮሌስትሮል ፍሪ” ስለተጻፈ ነገሩ አላለቀም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና ገጻችሁ ላይ “ጾም ኮሌስትሮልን ይቀንሳል” ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጽሑፉ መጥፎ አይደለም፣ የተባለውም እውነት ነው፣ ግን እኔ እንደማየው የነገሩን ግማሽ ነው የተናገራችሁት፣ የቀረው ግማሽ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ዘይት ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ መስመር እንኳ አልነካችሁትም፣ ለዛ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሐኪም አይደለሁም፣ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ እዚሁ መሀል ከተማ። ደም ቀድቼ ሊፒድ ፕሮፋይል የሚባለውን የደም ቅባት ውጤት ወረቀት የማወጣው እኔ ነኝ፣ ውጤቱን መተርጎም የሐኪሙ ስራ ነው ግን ሰው ሐኪሙ ጋ እስኪገባ የት ይታገሳል፣ ወረቀቱን ሲቀበል እዛው ቆሞ “ወንድሜ፣ ደህና ነው?” ይለኛል። እና ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው በብዛት የሚለኝ ምን መሰላችሁ፣ “እንዴ! እኔ እኮ ኮሌስትሮል ያለበት ዘይት ቤቴ አይገባም፣ ኮሌስትሮል ፍሪ የሚለውን ነው የምገዛው፣ ደግሞ ጿሚ ነኝ።”

በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳ በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው፣ ስጋ ቅቤ ወተት እንቁላል። ከተክል የሚጨመቅ ዘይት ግን ፓልምም ይሁን ሱፍም ይሁን ኑግ ከመጀመሪያው ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም፣ ግን ደግሞ ምንም አልነገራችሁም፣ የውሃ ፕላስቲክ ላይ “አጥንት የለውም” ብሎ እንደመጻፍ ነው። መጠየቅ ያለበት ሳቹሬትድ ፋቱ፣ ማለትም እንደ ቅቤ የሚረጋው የስብ ዓይነት፣ ስንት ነው የሚለው ነው፣ ይሄን ደግሞ ብዙ ጀሪካን ላይ ወይ አታገኙትም ወይ ከጀርባ በደቃቅ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ መነጽር ያስፈልጋችኋል።

ለምን ሳቹሬትድ ፋት ላይ እንደማተኩር ላስረዳ፣ ትንሽ ትዕግስት። ደማችን ውስጥ የሚዞረውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሰራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ በተለይ ጉበት። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ ከደም ውስጥ እየለቀመ የሚያስወጣውም ጉበት ነው፣ ለዚህ የሚጠቀምበት ተቀባይ አለው፣ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው ይሄን ያገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ተሸልመውበታል። ሳቹሬትድ ፋት ስናበዛ ጉበት ላይ ያለው ተቀባይ ይቀንሳል፣ ኤልዲኤሉ ሳይለቀም ደም ውስጥ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ቀስ እያለ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ይሄ ሁሉ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው፣ አያምም፣ አያሳክክም፣ ምልክት የለውም። ለዛ ነው ለአብዛኛው ሰው ከእንቁላሉ አስኳል ይልቅ ቅቤውና የሚረጋው ዘይት ቁጥሩን የሚያንረው፣ እኛ ግን እንቁላል ላይ ጦርነት ከፍተን ጀሪካኑን በክብር እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሳቹሬትድ ፋት በቀን ከምናገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ አይለፍ ነው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይሄ ወደ 22 ግራም ይመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 8 ግራም ሳቹሬትድ ፋት አለው፣ ስለዚህ ሦስት ማንኪያ የቀኑን ጨረሰው ማለት ነው፣ ጥሩ ተደርጎ የተለወሰ ክትፎ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ እናንተው ታውቃላችሁ፣ እኔ ክትፎ ቤቶችን አላጣላም። አሁን ልብ በሉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ዘይት ወደ 7 ግራም ገደማ አለው! ግማሽ በግማሽ ሳቹሬትድ ነው፣ ከቅቤው ያን ያህል አይርቅም። የሱፍ አበባ ዘይት አንድ ማንኪያ ግን ወደ አንድ ግራም ተኩል ነው። የኑግ ዘይትም ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፣ ኤልዲኤልን ከሚቀንሱት ወገን። የኑግ ችግር ሌላ ነው፣ ገበያ ላይ ኑግ ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኑግ አለመሆኑ፣ ከሚያውቁት ጨማቂ መግዛት ነው።

ፓልሙን ለመለየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሰፈራችን ብርድ ነው አይደል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በጠዋት ኩሽና ገብታችሁ ጀሪካኑን እዩት፣ ከታች ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ እናቶች ፀሐይ ላይ ያወጡታል ወይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ከቤቴ ወደ ስራ ስሄድ አንድ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብስ ልጅ አለ፣ በጠዋት የጀሪካኑን አፍ በቢላ ቀዶ አስፍቶታል፣ የረጋውን በጭልፋ እየዛቀ የትናንቱ ጥቁር ዘይት ላይ ይጨምረዋል፣ ምጣዱ ሲሞቅ ቅልጥ ብሎ ከትናንቱ ጋ ይደባለቃል፣ ከዛ የምስር ሳምቡሳ፣ “የጾም ነው” ይላል፣ እውነቱን ነው የጾም ነው። ጎበዝ ሰራተኛ ልጅ ነው እሱን ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት፣ ሌላ ዘይት ቢጠቀም ሳምቡሳውን በዛ ዋጋ አይሸጠውም። በነገራችን ላይ ያልረጋ ዘይት ሁሉ ከፓልም ነጻ ነው ማለትም አይደለም፣ የፓልም ፈሳሹን ክፍል ብቻ ለይተው የሚሸጡት አለ፣ እሱም ከሱፍ ጋር ሲተያይ ሳቹሬትዱ ብዙ ነው።

ዋጋውን አውቃለሁ። ፓልም በሸማቾች በኩል በድጎማ ሲመጣ ሰልፍ የቆመ ሰው ነኝ፣ የሱፍ አበባ ዘይት ባለ አምስት ሊትሩ የሚጠራበትን ዋጋ ሰምቶ ዝም ብሎ የወጣ ሰውም ነኝ። “የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ” ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ግን ደሞዝተኛ ቤት አይሰራም። ስለዚህ ዘይቱን መቀየር ያልቻለ መጠኑን ይቀንስ ነው የምለው፣ እሱ ደግሞ ብዙ የሚቻል ነገር ነው፣ ምክንያቱም የኛ ወጥ አሰራር ከድሮውም ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የሚያቁላላው፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ዘይቱ ኋላ ነው የሚመጣው። አሁን በየሆቴሉ በያይነቱ ስታዙ ሽሮው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ፣ ጎመኑ በዘይት አብረቅርቆ፣ ፎሶሊያው ተጠብሶ፣ እንጀራው ጫፍ ድረስ ቀይ ቅባት ወርዶ ነው የሚመጣው፣ ሰውም ዘይት ያልበዛበት ወጥ “ድርቅ ያለ” እያለ ይመልሰዋል።

የጾም ገበታችን እኮ ራሱ መድኃኒት ነበረ! ይሄን ለማጋነን አይደለም። ኤልዲኤልን ዝቅ የሚያደርጉ ምግቦች ዝርዝር የትኛውም አገር ቢወጣ ጥራጥሬ አይቀርም፣ ምስር ሽምብራ ባቄላ አተር፣ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፋይበር አላቸው፣ ይሄ ፋይበር አንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል የሚሰራውን ሐሞት ይዞ ይወጣል፣ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመስራት ከደም ውስጥ ኤልዲኤል ይስባል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ተልባም እንደዛው ነው፣ ፋይበሩም ጥሩ ቅባቱም ጥሩ። አያቶቻችን ሁዳዴን የሚጾሙበትን አስታውሱ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ። እዚህ ውስጥ የሚጠበስ ነገር አለ? የለም። አዚፋ ብቻውን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ነው በቃ። አሁን ያለው የሁዳዴ ሜኑ ደግሞ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ ችፕስ በዳቦ። የጾም ኬኩ ክሬም ላም አልነካችውም፣ ግን ክሬም የመሰለው ከምን ይመስላችኋል፣ ብዙውን ጊዜ ከረጋ የአትክልት ስብ ነው። ማርጋሪኑ ደግሞ በድሮው ዘዴ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት የረጋ ከሆነ ትራንስ ፋት አለው፣ እሱ ከሳቹሬትዱም ይብሳል፣ ኤልዲኤልን ከፍ አድርጎ ጥሩውን ኤችዲኤልን ደግሞ ይቀንሳል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም ምግብ ውስጥ እንዲጠፋ ጥሪ ያደረገበት ነው። ስለ ሁዳዴ ጿሚ ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ፣ በረመዳን አመሻሽ መርካቶ ዙሪያ ያለውን የሳምቡሳ ጥብስ ሽታ የማያውቅ የለም፣ ዘይቱ ያው ዘይት ነው።

ገብስን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ያናድደኛል። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ከውጭ የመጣ ኦትስ በቆርቆሮ ታገኛላችሁ፣ ላዩ ላይ ልብ ተስሎበታል፣ ዋጋውን አልናገርም። ኦትስ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለ፣ በቀን 3 ግራም ያህሉ ኤልዲኤልን ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፣ አሜሪካኖቹ ምግብ ላይ የልብ በሽታ ስጋትን ይቀንሳል ብሎ መጻፍ ይቻላል ብለው እ.ኤ.አ. በ1997 ለኦትስ ፈቀዱ፣ በ2005 መጨረሻ ደግሞ ለገብስ። ለገብስ! የኛ ገብስ፣ እህል በረንዳ በጆንያ ተቆልሎ ያለው፣ ያው ቤታ ግሉካን ያለው። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ቅንጬው። ማታ ልጆቼን በሶ በጥብጬ ስሰጣቸው “አባ ይሄ የገጠር ነው” ይሉኛል፣ ኦትስ ብዬ ብሰጣቸው ፎቶ ያነሱት ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ በሶው ጭኮ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ጭኮ ላይ ገብሱን ፍለጋ ቅቤውን ማለፍ አለባችሁ። ገንፎም መሀሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ ከተቆፈረለት እንደዛው። (ቅቤ ለጸጉር ነው የምትል አክስት አለችኝ፣ እሷ የምትለው ሳይሻል አይቀርም።)

ስለ ፍስኩ ደግሞ። ጽሑፋችሁ ያላነሳው ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። ጾሙን ሙሉ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእንስሳ ምግብ ይርቃል፣ የግሪክ ኦርቶዶክስ ጿሚዎች ላይ በተደረገ ጥናትም በጾሙ መጨረሻ ኤልዲኤላቸው ወርዶ ነው የተገኘው፣ የኛም ሰው በጾም መጨረሻ ሲመረመር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ያምራል። ግን የኤልዲኤል ቁጥር የሚነግራችሁ ያለፉትን ሳምንታት አመጋገብ ነው እንጂ የዓመቱን አይደለም። 55 ቀን ጾሞ የወረደውን ቁጥር ይዞ “ነጻ ነኝ” ብሎ የሚሄድ አለ፣ ከዛ ፋሲካ ነው፣ ዶሮ ነው፣ በግ ነው፣ ጥሬ ስጋ ነው፣ ዳግማ ትንሳኤ ነው፣ ሠርግ ነው፣ ሃምሳውን ቀን ረቡዕና ዓርብም የለም። ከበዓል በኋላ ባለው ሳምንት የሚመጡትን ናሙናዎች ብታዩ፣ ደሙ ሴንትሪፊውጅ ላይ ዞሮ ሲለያይ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢጫ መሆን ሲገባው አንዳንዱ ወተት የተጨመረበት ይመስላል። እሱ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ነው፣ ስቡና መጠጡ ሲበዛ የሚመጣው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላው ነው፣ ኤልዲኤሉ 190 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) የሆነ ሰው ናሙና ጥርት ብሎ ነው የሚታየው፣ ምንም የለውም ትላላችሁ። አይታይማ! ማሽኑ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀቱም ልናገር፣ ብዙ ቦታ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፣ በስሌት ነው የሚወጣው፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤሉና የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛ ተቀንሶ። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ስሌቱ አይሰራም፣ ስለዚህ በበዓል ማግስት እየሮጣችሁ አትምጡ፣ ትርፉ ገንዘብ መጨረስ ነው። እንደወትሮው በሚበላበት በተለመደ ወቅት ተመርመሩ፣ አመጋገብ ከቀየራችሁ ደግሞ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ ነው የሚባለው፣ ከ130 እስከ 159 ድንበር ላይ፣ ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ፣ 190ና ከዛ በላይ ከሆነ ግን በበሶና በተልባ የሚመለስ ነገር አይደለም፣ በዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል፣ እህት ወንድም ልጆችም መመርመር አለባቸው፣ ሐኪሙ መድኃኒት ካለ መድኃኒት ነው። ቀጭን ነኝ ማለትም አያድንም፣ ስንት ቀጭን ሰው አይቻለሁ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ይሄን ሐኪማችሁን ጠይቁት።

መድኃኒት ካነሳን ዘንድ፣ ስታቲን የሚባሉትን ኮሌስትሮል የሚቀንሱ ኪኒኖች ቁጥሩ ሲወርድ “ዳንኩ” ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፣ ቁጥሩ የወረደው እኮ ስለምትውጡት ነው። ነጭ ሽንኩርት በሎሚ በዝንጅብል ፈጭቶ በጠዋት መጠጣት ምንም አይልም፣ ጠጡት፣ ግን የኪኒኑ ምትክ አይደለም። ግሬፕፍሩት ግን ጠንቀቅ፣ “ስብ ያቀልጣል” እየተባለ ይጨመቃል፣ ሲምቫስታቲን ወይ አቶርቫስታቲን ከሚወስድ ሰው ጋ አይስማማም፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲቆይ ያደርጋል።

ቡናም አለ፣ ይሄን ስጽፍ የሚጠላኝ ይበዛል። ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይቀራል፣ ሲበዛ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ በወረቀት ፊልተር ያለፈው ላይ ግን ፊልተሩ ይይዘዋል። ጀበና የሚፈላ ነው፣ ስለዚህ ይመለከተዋል። ተው አልልም፣ እኔም አልተውም፣ ሲኒያችን ትንሽ ነች፣ ግን ቢሮ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አቦል ብቻ የሚጠጣ ሰው ቁጥሩ አልወርድ ካለው እሱንም ያስበው።

እንቅስቃሴ በአጭሩ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው የሚባለው። ለኤልዲኤል የሚያደርገው ትንሽ ነው፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ለትራይግሊሰራይድና ለኤችዲኤል፣ ለግፊት ለስኳር ነው፣ እና “ጠዋት መስቀል አደባባይ እሮጣለሁ ስለዚህ ያሻኝን እበላለሁ” የሚለው ሂሳብ አይሰራም። አሁን እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በእግር ለመሄድ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሙበትን ያህል ጊዜ ነው የሚወስደው፣ ዳገቱ ደግሞ በነጻ ነው። ሲጋራ ግን ማቆም ነው፣ ወሬ የለውም።

እንግዲህ እናንተን የምጠይቀው፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ስለ ዘይት ብቻ አንድ ገጽ አውጡ። ገበያ ላይ ያሉትን ዓይነቶች፣ ፓልም፣ ሱፍ አበባ፣ ኑግ፣ አኩሪ አተር፣ የምግብ ባለሙያ ጠይቃችሁ ሳቹሬትድ ፋታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡልን። የሚመለከተውንም አካል ጠይቁልን፣ ጀሪካን ላይ “ኮሌስትሮል ፍሪ” በትልቁ ሲጻፍ የሳቹሬትድ ፋቱ መጠንም በዛው ልክ በአማርኛ ለምን አይጻፍም ብላችሁ። እና ስትጽፉ ቁጥሩን በሾርባ ማንኪያ አድርጉት እንጂ በ100 ግራም አታድርጉት፣ ኩሽናው ውስጥ ሚዛን ያለው ሰው ብዙ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ